ከዲቪዲ የነቀልኳት ሌዘር ቡሬ ገበያ ላይ ጠበቀችኝ

ባለፈው ቅዳሜ ቡሬ ገበያ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን ያቅለሸልሸኛል... ኔትወርክ ጠፍቶ ነው እንጂ ያኔውኑ እጽፈው ነበር።

ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር እንደምጠግን ታውቃላችሁ። የሞተ ዲቪዲ ራይተር ሲመጣልኝ አልጥለውም። ዲስኩ ላይ የምትጽፈዋን የሌዘር ፍሬ ነቅዬ የእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ እገጥማታለሁ። ስንዴ ብታክል ነው፣ ግን ክብሪት ትለኩሳለች። ሱስ ነው በቃ።

ከወር በፊት አንድ የማውቀው ሰው፣ ከገበያ ገበያ እየዞረ ቅባት የሚሸጥ፣ «ወንድሜ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ካይዘን ያሠለጥናል፣ ሰሌዳ ላይ መጠቆሚያ ትሁነው» ብሎ አንዷን ለመነኝ። «ዓይን ላይ እንዳታበሩ፣ ታጠፋለች!» ብዬ ሰጠሁት።

ቅዳሜ በርበሬ ተራውን ሳልፍ ሰው ተሰልፏል። ጠጋ ብል ያ ሰውዬ! ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ አንዲት አሮጊት በርጩማ ላይ አስቀምጦ፣ ቅባት በጠገበ ጥፍራም ጣቱ የዓይናቸውን ቆብ ገልብጦ ይዟል። በሌላው እጁ የኔን ሌዘር...

«የዓይን ሞራ በሌዘር!» ይላል ደግሞ፣ ሳያፍር።

ሊያበራባቸው ሲል ዘልዬ እጁን ያዝኩት። እሱ አፉን ሳይከፍት አሮጊቷ ቀደሙት።

«አንተ ልጅ፣ ምን ያክለፈልፍሃል? ተራህን አትጠብቅም? እኔ ዶሮ ሳይጮህ ተነስቼ ነው የመጣሁ!»

«እናቴ፣ ዓይንዎን ሊያጠፋው ነው!» ብል ማን ይስማኝ። ሰልፉ በሙሉ «ውጣ!» ይለኛል። አላስችል ቢለኝ ሌዘሯን ነጥቄ ከኪሴ ባወጣሁት ክብሪት ላይ አበራኋት። ቦግ አለ።

«አያችሁ? ዓይን ቢሆንስ?»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ተገላገልኩ ስል አንድ ሽማግሌ «ወይ ጉድ! እሳት ከጫረችማ ሞራውንም ትገፈዋለች!» አሉ። ከኋላ የነበረው ሁሉ ወደ ፊት ተጋፋ። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «መሣሪያውን የሠራው እሱ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ።

አበስኩ ገበርኩ! ሌዘሯን መሬት ጥዬ በድንጋይ አደቀቅኳት።

አሮጊቷ አለቀሱ። «ሆስፒታል ልውሰድዎት፣ ሞራ እዚያ ይወጣል፣ እኔ ራሴ ይዤዎት እሄዳለሁ» ብዬ ብለምናቸው እጄን ገፉኝ። ወደሱ ዞረው «ሌላ የለህም ወይ የኔ ጌታ?» አሉት።

«እስከ ሳምንት ይታገሱኝ እናቴ» አለ፣ እኔን እያየ። «ይሠራልኛል።»

ይሠራልኛል! ሱቅ ውስጥ የቀሩኝን ሌዘሮች ሁሉ ዛሬ በመዶሻ ፈጨኋቸው። ለሳምንቱም ገበያ ቀድሜው ደርሼ አሮጊቷን ፈልጌ ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ፣ ቢሰድቡኝም ይስደቡኝ።

እሱንስ ተጸይፌ ተገላገልኩ... ራሴን ወዴት ልሽሸው?