የሌንሴ እግርና የሽቶ ሳሙናው

ነቀምቴ፣ በንጉሡ ዘመን፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ በጀመርኩ ዕለት አለቃዬ ኦቦ ገመቹ ጀርም የሚዘራበትን የመስታወት ሳህን አፍንጫዬ ሥር ደቅነው «አሽትተው!» አሉኝ።

«ጣፋጭ ነገር ይሸታል» አልኩ።

«ይህ ጣፋጭ እግር ያስቆርጣል» አሉና ሳቁ። የሥራ ትምህርቴ በዚህ ተጀመረ።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ልጄ ሚዛን ይይዝልኛል ሲሉ መግል ቀላሚ ሆንኩባቸው። «ስኳር ከመመዘን መግል ማሽተት ተሻለህ?» እያሉ ያበሽቁኝ ነበር።

መጀመሪያ የተማርኩት ማቅለም ነው። መግሉ ስላይድ በሚባል ስስ መስታወት ላይ ይቀባል፣ በእሳት ይደርቃል፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ አዮዲን፣ አልኮል፣ በመጨረሻም ቀዩ ቀለም ይፈስበታል። ወይን ጠጁን ይዞ የቀረው ጀርም አንድ ወገን ነው፤ በአልኮል ታጥቦ ቀዩን የተቀበለው ደግሞ ሌላ ወገን። አልኮሉን ያቆየ ሰው ሁሉንም ያቀላዋል። እኔም በዚያ ሰሞን የወለጋን ጀርም በሙሉ ቀይ አድርጌው ነበር።

ሌንሴ የምትባል ትንሽ ልጅ የመጣችው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከጉቶ ወረዳ በቃሬዛ ነው። የፈላ ውሃ እግሯ ላይ ተገልብጦባታል። ፋሻው አረንጓዴ ሆኗል፤ ያን ጣፋጭ ሽታ ገና ከበሩ አወቅኩት። መግሉን ቀልሜ በማይክሮስኮፕ ሳየው ዘንግ የመሰለ ቀይ ጀርም ብቻ ነው። ፔኒሲሊን ደግሞ እነዚህን አይደፍርም።

ዶክተሩ ኦሮምኛን በራሳቸው ሰዋስው የሚናገሩ ደግ ፈረንጅ ነበሩ። በላምባ ከሚሠራው ፍሪጅ ፖሊሚክሲን የሚባል መድኃኒት አወጡና «ሞክረው» አሉኝ። ጀርሙን ሳህን ላይ ዘርቼ መድኃኒቱን የነካ ወረቀት አኖርኩበት። በማግስቱ የወረቀቱ ዙሪያ ጠርቷል፤ ግን ክቡ ጠባብ ነው።

«ደክሟል እንዴ?» አልኩ።

«ግዙፍ ስለሆነ ሳህኑ ላይ ባለው ጄሊ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ከጠራ ይበቃል» አሉኝ ኦቦ ገመቹ።

መድኃኒቱ በየጠዋቱ ቁስሉ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። እግሩ ግን ከአረንጓዴነቱ ፍንክች አላለም። ዶክተሩ አንገታቸውን ደፍተው «ሳህን ላይ ይገድላል፣ እግር ላይ አይገድልም። እስከ ዓርብ ካልተለወጠ እቆርጣለሁ» አሉ። ያን ጊዜ ሌንሴ አልጋዋ ላይ ሆና ለጎረቤቷ የገመድ ዝላይ ዘፈን ታስተምራለች። አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ አዲስ ናሙና ልወስድ ከፋሻ ሰዓት ቀድሜ ገባሁ። እናቷ አዴ ገላኔ ሳፋ ይዘው የልጃቸውን ቁስል በሳሙና እያጠቡ ነው፤ ክፍሉ በሽቶ ታውዷል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ አዴ? ምን እያደረጉ ነው?»

«ዶክተሩ ሊመጡ አይደል? ለትልቅ ሰው የቆሸሸ ቁስል ይታያል እንዴ? ሳፉ ነው፣ ነውር ነው ልጄ! ሽታው እንዲቆይ አረፋውን እንኳ ብዙ አላለቀልቀውም። ደግሞ ሳሙናው ካባትህ ሱቅ ነው፤ ምርጡን ነው የሰጡኝ።»

ከአረፋው በብልቃጥ ቀዳሁ። ላቦራቶሪ ገብቼ መድኃኒቱን ከአረፋው ጋር ቀላቅዬ በወረቀት ጀርሙ ላይ አኖርኩት። በማግስቱ ጀርሙ ምንም እንዳልነካው ወረቀቱ ጥግ ድረስ በቅሏል። ሳህኑን ይዤ ወደ ዶክተሩ ሮጥኩ።

ዶክተሩ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱና ሳቁ። ወረቀት ላይ ቀለበት ሣሉ፤ ከቀለበቱ ጭራ አወጡ። «መድኃኒቱ ይሄ ነው። ቀለበቱ በኤሌክትሪክ ጠባዩ ፖዘቲቭ ነው፣ የቀዩ ጀርም የውጭ ቆዳ ደግሞ ኔጌቲቭ፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ። ቀለበቱ ሲጨብጥ፣ ስብ የሆነው ጭራ ቆዳው ውስጥ ወዳለው ስብ ይሰርጋል። ቆዳው ይቀደዳል፣ ጀርሙ ሆድ ዕቃው ፈሶ ይሞታል። ሳሙናም እንደ ጀርሙ ቆዳ ኔጌቲቭ ነው፣ ስብም አለው። መድኃኒታችን ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ሳሙናውን ጨብጦ ቀረ።»

«ጭጎጎት በሉኛ!» አሉ ኦቦ ገመቹ። «ጋቢ ላይ ከተጣበቀ ላም ላይ አይጣበቅም።»

ዶክተሩ ዓርብን ወደ ሰኞ ገፉት። የቀረው ለአዴ ገላኔ መንገር ነበር። «የልጅሽን እግር ልታስቆርጪ ነበር ይባላል? አይባልም» አሉ ኦቦ ገመቹ። ሄደውም «አዴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዶክተሩ የሚከበሩት ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ነው፤ ቁስሉን ሌላ ምንም እንዳይነካው» አሏቸው። እሳቸውም «እሺ» ብለው ድስት ጣዱ።

ሰኞ ፋሻው ሲፈታ አረንጓዴው ጠፍቶ ጤነኛ ሥጋ ቀልቶ አየን። ዶክተሩ በዚያ ኦሮምኛቸው ምን እንዳሉ ማንም አልገባውም፤ ሁላችንም ግን ሳቅን። እኔ እንባዬም መጥቶ ነበር።

አባቴ ወሬውን ሲሰሙ «ሳሙናዬን በሽታ አደረጋችሁት?» ብለው ተቆጡ። መሸጡን ግን አላቆሙም።

ሌንሴ እያነከሰች በእግሯ ስትወጣ አዴ ገላኔ ላቦራቶሪ ገቡ። በጨርቅ ከጠቀለሉት ውስጥ ያንኑ የሽቶ ሳሙና አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ይሄ ለእጃችሁ» አሉ። «ለቁስል እንደማይሆንማ የጨው ውሃ ያዘዛችሁኝ ዕለት ገብቶኛል። ፊት ለፊት ነግራችሁ ስላላሳፈራችሁኝ፣ ገለቶማ፤ አመሰግናለሁ።»

ኦቦ ገመቹ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። ስላይድ ግን አልነበረበትም።

ጡረታ እስክወጣ በዚሁ ሥራ ኖርኩ። ለተተኪዎቼ የምለው ይህን ነው፤ መድኃኒት ሳህን ላይ ሠርቶ ሰው ላይ እምቢ ካለ፣ መድኃኒቱን ከመጣላችሁ በፊት ቁስሉን ማን፣ በምን እንደሚያጥበው ሄዳችሁ እዩ።