ታደሰን ሲጠብቅ ያደረው በግ

አርብ ጠዋት፣ ከጅቡቲ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ስለ ሐረር ግንብና ስለ ጅቡ የሚያወሩላችሁ ሰዎች ሞልተዋል። እኔ ጅብ ሳላይ ነው የተመለስኩት። የባለቤቴ ነገር ጊዜ ቢሰጠኝ አይደል!

የሄድነው ፈትያ ዘንድ ነው። ፈትያ የጁገል፣ የግንቡ ውስጥ ልጅ ናት፤ ጅቡቲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነበረች። ልጄን ሶስናን ስወልድ እናቴ ድንበር ተሻግራ መምጣት አልቻለችም፤ ያረሰችኝ ፈትያ ናት። ገንፎውን ታገነፋለች፣ ልጄን ታጥባለች፣ እኔን ደግሞ «ብዪ እንጂ አቦ! ለማን ልትተዪው ነው?» እያለች ትቆጣኛለች። በኋላ እናቷ ሲታመሙባት ጠቅልላ ሐረር ገባች። ከዚያ ወዲህ በደወለች ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነው፦ «መጥታችሁ ቤቴ ካላደራችሁ፣ ወላሂ እህትነታችን አበቃ!»

ጅቡቲ እረፍቱ አርብና ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ ታደሰ ከሚሠራበት የትራንዚት ቢሮ እሑድን አስፈቀደና ሦስታችን ነጋድ ጣቢያ ሄደን ባቡር ተሳፈርን። እኔ ለእማማ ዘይነባ፣ ለፈትያ እናት ማለት ነው፣ ሽቶና ሽርጥ ይዣለሁ። ታደሰ መንገዱን በሙሉ ፊቱን ከመስኮት አልመለሰም። ሙቀቱ ነው ብዬ ተውኩት።

ድሬዳዋ፣ ከሰዓት በኋላ

ደወሌ ላይ ፓስፖርት ለማስመታት ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ስለነበር ድሬዳዋ ስንደርስ ደክሞን ነበር። ከጣቢያው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄድን። የሐረር ሚኒባስ ረዳት ለሻንጣችን የአንድ ሰው ሂሳብ ክፈሉ አለን። «ሻንጣው ወንበር ላይ ይቀመጣል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አዎ ካላችሁ ይቀመጣል» ብሎኝ እርፍ! ከፈልን፤ ሻንጣው ግን እስከ ሐረር እግሬ ላይ ነበር። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ሶስና ማንጎዋን እየመጠጠች አንቀላፋች። አወዳይ ላይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶት ብዙ ቆምን።

ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንወርድ ፈትያ ቆማ እየጠበቀችን ነበር። አቅፋኝ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ሶስናን ወደ ላይ አንስታ «ማሻአላህ! ይቺ ናት ያቺ ጡጦ አልይዝም ያለችው?» አለች። ከዚያ የሻንጣውን እጀታ ያዘች። ታደሰም በሌላ በኩል ያዘው።

«አይ ፈትያ፣ እናስቸግራችኋለን። ሆቴል ይዣለሁ» አላት።

እኔ ራሴ መስማቴ ያኔ ነው! ፈትያ እጇን ከሻንጣው ሳታነሳ አየችኝ። ምን ልበላት? ባሌን መሀል አደባባይ ላዋርደው? ቀስ ብላ ለቀቀችው። «ደክሟችኋል መሰለኝ። እሺ፣ ነገ ምሳ ግን ከእኛ ጋር ነው» አለችን። ፊቷ ጥቁር ብሎ ነበር።

ሆቴሉ ከሸዋ በር ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ነው። ቧንቧው ቢከፈት ቢዘጋ ጠብታ ውሃ የለውም፤ አንድ ጀሪካን አምጥተው በሩ ላይ አኖሩልን። ለዚህ ነው እንግዲህ ጥሩ ጥሩ ብር የከፈልነው! ልጅ እንዳትሰማ በሹክሹክታ ተጣላን።

«ሦስት ሆኖ ሰው ቤት መጋፋት ነውር ነው» ይላል።

«የተጠራን እኮ ነን! ይሉኝታህን ለሌላ ቀን አታደርገውም?»

ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት

ቁርስ ፈጢራ በማር በላን። ታደሰ «አንቺ ቅደሚ፣ እኔ ሶስናን ከተማ አሳይቼ ለምሳ እንመጣለን» አለኝ። ደግ ያደረገልኝ መሰለኝ፣ ሞኟ እኔ። ብቻዬን መኪና ግርግር በሚሉት ሰፈር፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሀል አልፌ ጠባቡን መንገድ ይዤ ወረድኩ።

የፈትያ ቤት ግድግዳው ገና ቀለም ይሸታል። ሳሎኑ ውስጥ ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው መቀመጫ፣ ነደባ የሚሉት፣ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎበታል። በጓዳው በኩል ሦስት ትራስ ያለው አልጋ ተዘጋጅቷል። አልጋው የማን እንደሆነ ስጠይቅ የእማማ ዘይነባ ነው አለችኝ። አሮጊቷ በሕመማቸው ላይ አልጋቸውን ለእኛ ለቀው መሬት አድረዋል፤ እኛ ግን አልመጣንም። ጥግ ላይ የምስር ወጥ ከነድስቱ አለ። «ትናንት አርብ ጾማችሁ ነው ብዬ በዘይት የሠራሁት ነው» አለችኝ ፈትያ።

ከዚያ ግቢውን አሳየችኝ። ወፍራም በግ ታስሯል። አጠገቡ አዲስ ቢላና የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተላጠለት አዲስ ድስት ተቀምጧል።

«የእኛ ስጋ ነክቶት አያውቅም፤ ለእናንተ ብቻ የገዛሁት ነው» አለች። «በጉን ታደሰ ባርኮ ያርዳል። በስልክ ነግሬው ‹እሺ› ብሎኝ ነበር።»

እነሱ በእኛ እጅ የታረደ ስጋ አይበሉም፣ እኛም በእነሱ እጅ የታረደ። ይህን ሁለታችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ፈትያ እንግዲህ ራሷ አንዲት ጉርሻ የማትቀምሰውን በግ ገዝታ ነው የጠበቀችን! እሷ ግን አልጨረሰችም።

«አስቱ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ቤታችን አልመጠናችሁም? ሙስሊም ቤት ማደር ከበዳችሁ? ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምጤን አብራኝ ያማጠች ሴት እኮ ናት!

ቅዳሜ ምሳ

ታደሰና ሶስና መጡ። እማማ ዘይነባ ከፍ ያለውን የነደባ ቦታ ለታደሰ አስለቅቀው «ና ልጄ፣ እዚህ» አሉት። ገና ሳይቀመጥ ሶስና ጮክ ብላ «እማዬ፣ ጥብስ በላን! አባዬ እዚያ ቤት ስጋ የለም አለኝ» አለች። ግቢው ውስጥ በጉ ጮኸ።

እማማ ዘይነባ ወደ ታደሰ ዞሩ። «እኛ ሆድህን አልጠየቅንህም። ለበጉ እጅህን ነበር የጠየቅንህ» አሉት። አንገቱን ደፋ።

እጁን ይዤ ወደ ግቢው አወጣሁት። «ተናገር! ምን አደረጉህ እነዚህ ሰዎች?»

በጉን አየው፣ ቢላውን አየው። «አስቱ፣ እኔ በግ አርጄ አላውቅም» አለ።

ይታያችሁ! በዓል በመጣ ቁጥር «ከቢሮ ልጆች ጋር ልረድና ልምጣ» ብሎ ይወጣና ስጋ በፌስታል ይዞ ይመለሳል። እኔም ባሌ አራጅ ነው ብዬ ለፈትያ ስንት ጊዜ አውርቻለሁ! ለካስ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው። አሁንም ወንድነቴ ይነካል ብሎ ሆቴል ያዘ፤ ‹ጠግበናል፣ በጉ ይቅር› ለማለትም ውጭ በልቶ መጣ።

ጮህኩበት፤ ጎረቤት ሁሉ ይስማ። «ይህቺ ሴት ‹ናቁኝ› ብላ ስትገላበጥ አደረች! አሮጊት እናቷ መሬት ተኙ! አንተ ‹አላውቅም› የምትል አንዲት ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ ብለህ! ደግሞ ይሉኝታ ትለኛለህ?»

ዘወር ስል ፈትያና እናቷ በሩ ላይ ቆመዋል። ሁሉንም ሰምተዋል። እማማ ዘይነባ በዱላቸው ተደግፈው ቀረብ አሉ።

«ለዚህ ነው? የፈትያ አባት፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደም ሲያይ ያጥወለውለው ነበር። ዒድ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ነበር የሚያርድልን» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ግን አንድም ቀን ሆቴል አልገባም!»

ፈትያ አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ንዴቴ ገና ነበር። ፈትያ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የሚኖሩትን ጡረተኛ መምህር ጋሽ ግርማን በስልክ ጠራቻቸው። መጥተው እጅጌያቸውን ሰብስበው በስመ አብ ብለው ቢላውን አነሱ። ታደሰ የበጉን እግር ያዘ፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

«አይዞህ፣ በጉ እንኳን ዓይኑን አልጨፈነም» አሉት ጋሽ ግርማ።

የበላነው ወደ ማታ ነው። አንድ ምንጣፍ ላይ ሁለት ትሪ ቀረበ፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ። ሻንጣችንን ከሆቴሉ አምጥተን ሌሊቱን እዚያው አደርን። እማማ ዘይነባን ግን ወደ አልጋቸው መልሰን እኛ ነደባው ላይ ተኛን።

እሑድ፣ ወደ ቤት

ጠዋት ፈትያ የተረፈውን ስጋ ቋንጣ እንድናደርገው ቋጠረችልን። አዲሱን ድስት በአመድ ፈትጋ አጥባ ግድግዳው ላይ፣ ከሰፌዶቹ መሀል ሰቀለችው። «ይሄ የእናንተ ነው። ማንም አያበስልበትም» አለች። ፈረስ መጋላ ድረስ ሻንጣውን የያዘችው እሷ ናት፤ ታደሰ እጁን አልዘረጋም።

ባቡሩ ውስጥ ታደሰን እስከ ደወሌ አላናገርኩትም። ከዚያ ወዲያም ያናገርኩት ፓስፖርቱን እንዲሰጠኝ ነው። ሰው ቤት መሄድ ለእኔ ስጦታ መያዝና በጊዜ መድረስ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የሚከብደው የማይችሉትን አልችልም ብሎ መግባቱ ነው፤ ያንን ደብቀው ሲሄዱ የቤቱ ባለቤት ጥፋቱን ከራሱ ላይ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ ፈትያን አንድ ሌሊት እንቅልፍ መንሳት አልነበረብንም።

ቤት ገብተን ሻንጣውን ሳልፈታ ፈትያ ደወለች። በደህና መግባታችንን ጠይቃ «መቼ ትመለሳላችሁ?» አለች። መልስ ሳልሰጥ ታደሰ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለኝ። ደግሞ ምን ሊቀባጥር ነው ብዬ ተጠጋሁት።

«ፈትያ፣ ለፋሲካ ማግስት እንመጣለን» አላት። ጉሮሮውን ጠረገ። «ለጋሽ ግርማ ንገሪልኝ። እኔ ማረድ አልችልም፤ እግር እይዛለሁ።»