እንዝርቱ ሲቆም

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት የአንድ ንግግር ጥሩነትና መጥፎነት የሚታወቀው በእንዝርት ነበር። ይህን ስል የልጅ ልጄ ከድጃ ትስቃለች። ሳቂ፣ ግን ጻፊ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የእኔ አፍ ያወራል፣ የእሷ አውራ ጣት ስልኳ ላይ ይጽፋል፤ እንዲህ ተጋግዘን ነው ይህችን ነገር የምናደርሳችሁ።

የተወለድኩት ሞጣ ነው። ቢቸና የመጣሁት በትዳር ነው፤ ባሌ አመጣኝ፣ ልጆቼ አስቀሩኝ። ያኔ ሞጣ ውስጥ የእኛ ሰፈር የሸማኔ ሰፈር ነበር፤ ከየቤቱ የመወርወሪያው ጠቅ፣ ጠቅ ሲሰማ ይውላል፤ ዝም ያለ ቤት ካለ «ምን ሆኑ?» ተብሎ ይጠየቃል። የእናቴን አባት እኛ ልጆቹ «አባባ» ነበር የምንላቸው፤ ሰፈርተኛው ደግሞ «ሼሁ» ይላቸዋል። እሳቸው ቀን ቀን ከሽመና ጉድጓዳቸው ገብተው ጋቢ ይሠራሉ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እጃቸውን ታጥበው ይጽፋሉ። የሚጽፉት ስለ ሃይማኖታችን ነው፤ ስለ ሶላት፣ ስለ ጾም፣ ስለ ጎረቤት ሐቅ። ግን ለተማረው አልነበረም፤ ለሸማኔው፣ ለፈታይዋ፣ ለገበያተኛው ነው። በአማርኛ፣ በፊደል። ፊደሉን ከየት አገኙት ሲባሉ፣ «የቄስ ልጅ ጓደኛ ነበረኝ፤ እሱ ሀሁ አስቆጠረኝ፣ እኔ ዋና አስተማርኩት» ይሉ ነበር።

«ሼሁ፣ ኪታብ እኮ በዓረብኛ ነው የሚያምርበት» የሚሏቸውም አልጠፉም። አባባ አይቆጡም። «ዓረብኛ የሚያውቅ ሰው እኔን ምን ያደርገኛል? እኔ የምጽፈው ጦይባ እንድትሰማው ነው» ይሏቸዋል። ጦይባ የእናቴ እህት ናት፤ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ሳይኖራት ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች። ደረቷን ያማታል፤ ጠውላጋ ነበረች፤ ንፋስ ሲነሳ እናቴ «ጦይባን ያዙልኝ!» እያለች ትቀልድባት ነበር።

ማታ ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ አባባ ከአጎዛቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ኩራዙ ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፤ መሐል ላይ ፍሙ አመድ ለብሶ ይተነፍሳል። ሴቶቹ ዙሪያውን ጥጣቸውን ይዘው ይፈትላሉ። ያኔ እጇን አጣጥፋ ወሬ የምትሰማ ሴት አልነበረችም፤ ጆሮ ይሰማል፣ እጅ ይሠራል። እንዝርቶቹ በየጭኑ ላይ ጥዝ እያሉ ሲሽከረከሩ፣ አባባ የጻፉትን ያነባሉ። ካነበቡ በኋላ ደግሞ ወረቀቱን አጥፈው ተረት ያወሩናል። ለእኔ ንባቡ ተረቱ እስኪደርስ የሚጠበቅበት ጊዜ ነበር። ውሸት ምን ያደርጋል፤ እንደዚያ ነበር።

ከሚፈትሉት ሴቶች አንዷ ክርስቲያን ናት፤ እትዬ ተዋቡ። ከአጥራችን ማዶ ነው ቤቷ። ፈትሏን ለአባባ ሽመና ታመጣለች፣ በዚያው ትቀመጣለች፤ «የሼሁ ተረት ከቤቴ እሳት ይሞቃል» ትል ነበር። እሷና አክስቴ ጦይባ እንዴት እንደሚዋደዱ ምን ብዬ ልንገራችሁ! ሥጋችን ይለያያል፤ በበዓል ዶሮዋን አንበላም፣ ዶሯችንን አትበላም፤ ቆሎና ንፍሮ ግን ማን ለየው? አክስቴ ከእሷ ቤት በገባች ቁጥር እትዬ ተዋቡ ሰላምታ ሳታስጨርስ ከቆሎው ትዘግንላታለች። አክስቴም እጇን ትዘረጋለች። ሁለቱም አያስቡትም፤ እንደ መተንፈስ ነው።

ታዲያ አንድ ዓመት ረመዳን ገባ። ጨረቃዋ የታየችው በዋዜማው ማታ ነበርና እትዬ ተዋቡ ገና አልሰማችም። በመጀመሪያው ቀን ረፋዱ ላይ አባባ ማግ አለቀባቸውና አክስቴን «ከተዋቡ ፈትል አምጪ» ብለው ላኳት። እኔም ነጠላዋን ይዤ ተከተልኳት። እትዬ ተዋቡ የገብስ ቆሎ ከእሳት አውርዳ፣ ሽታው ደጅ ድረስ ወጥቶ ነበር። «አንቺ ጦይባ፣ በእግርሽ በረከት አለ፤ አሁን እኮ ነው ያወረድኩት!» ብላ ዘገነችላት። አክስቴ እጇን ዘረጋች። እኔ አልጾምም ነበርና ለእኔም ተዘገነልኝ። እየቆረጠሙ ስለ ጥጡ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ እትዬ ተዋቡ ምራት አወሩ፣ ሳቁ። ፈትሉን ተቀብለን ወጣን።

አጥሩን አልፈን ከደጃችን ስንደርስ የቀትሩ፣ የዙህር አዛን ተሰማ። ያኔ ድምፅ ማጉያ የለም፤ የሰውየው ጉሮሮ ብቻ ነው። አክስቴ ቀጥ አለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «ወይኔ ልጄ፣ በላሁ» አለችኝ።

ነገሩን ለእናቴ ስትነግራት አንዲት «አውቃለሁ» ባይ ጎረቤት ሰማች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ የሰማችውን ሁሉ እንደ አንቀጽ የምትቆጥር ናት። «ረመዳንን ያፈረሰ ሁለት ወር አከታትሎ ይከፍላል፤ አንድ ቀን ካቋረጠ እንደገና ይጀምራል» አለች። አክስቴም ያንን ያዘች። ረመዳን እንዳለቀ በዓሉን ውላ ሁለት ወር ልትጾም! ያቺ አንድ ወሩን እንኳ ግድግዳ ተደግፋ የምትጾም ሴት! እናቴ ለብቻዋ ስታለቅስ አይቻታለሁ። «ሁለት ወር ከጾመች እንቀብራታለን» ትላለች። ለአባባ እንንገራቸው ስትላት ደግሞ አክስቴ፣ «ወላሂ እንዳትነግሪያቸው! የሼህ ልጅ ሆና በመጀመሪያው ቀን ቆሎ ቆረጠመች ይበሉ?» ብላ አስማለቻት።

ከእትዬ ተዋቡ ቤትም ቀረች። እትዬ ተዋቡ ምን እንደሆነ ከእናቴ ስትሰማ፣ «በስመ አብ! በእኔ እጅ?» ብላ ደረቷን መታች። እሷም የምትጾም ሴት ናት፤ ጾም ምን እንደሆነ ታውቃለች። የሰውን ጾም ማስፈረስ ለእሷ ቤት እንደማቃጠል ነው። አንድ ቀን ከአጥሩ ማዶ ቆማ «ጦይባ! ጦይባ!» ብላ ተጣራች፤ አክስቴ ከውስጥ ሆና ዝም አለች፤ እትዬ ተዋቡም በነጠላዋ አፏን ሸፍና ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ፈትሉን በሰው ትልክ ጀመር። ያኔ ትንሽ ልጅ ብሆንም፣ በዚያ አጥር ላይ አንድ ነገር እንደተዘጋ ይገባኝ ነበር።

በረመዳን የአባባ ንባብ ከመግሪብ በፊት ነው፤ ሴቱ ማፍጠሪያውን አቀራርቦ፣ የአጃው ሾርባ ከፍሙ ዳር ተጥዶ፣ አዛን እስኪል ይፈትላል። አባባ አንድ ቀን ዙሪያውን አዩና፣ «ተዋቡ የት አለች?» አሉ። «ጦይባ፣ ጓደኛሽን ምን አደረግሻት?» አሉ። አክስቴ አቀረቀረች። እናቴ መሐላዋን አልጣሰችም፤ አፏን ዘጋች፤ ግን እንባዋ አልታዘዝ አላት። አባባ እንባውን አይተው ወረቀታቸውን አስቀመጡ። «ንገሩኝ» አሉ። አክስቴ እያፈረች ነገረቻቸው፤ ቆሎውን፣ አዛኑን፣ ሁለት ወሩን።

አባባ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጦይባ፣ ይህንን እኮ አምና ጽፌዋለሁ። እዚሁ አንብቤልሻለሁ። እዚያው ነበርሽ» አሏት።

«ነበርኩ፣ አባዬ።»

«ምን አልኩ?»

አክስቴ ተጨነቀች። «ደስ ይል ነበር» አለች። «ድምፅዎ ደስ ይል ነበር።»

አባባ ከመደርደሪያቸው ወረቀቶቹን አወረዱ፣ ገለጡ፣ አገኙት። ወደ ኩራዙ ጠጋ ብለው አነበቡት። ዛሬ ከድጃ ትርጉሙን ስለምታስረዳኝ ነው እንጂ ያኔ እንደ ዝናብ ድምፅ ነበር የሰማሁት፤ «ናሲ የሆነ ሳኢም ቢበላ ሰውሙ ሰሒሕ ነው፤ ቀዷም ካፋራም አይወጅብበትም።» የረሳ ጾመኛ ቢበላ ጾሙ አይፈርስም፣ ዕዳም የለበትም ማለት ነው። በአማርኛ ነው የጻፍኩት የሚሉት ይህንን ነበር! አንብበው ቀና አሉ። ሴቶቹ ሁሉ በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንዝርቶቹ ጥዝ ይላሉ።

ልጅ ምን ያፍራል? «አባባ፣ ተረት ሲያወሩ እኮ እንዝርቱ ይቆማል፤ አሁን አልቆመም» አልኩ።

እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ። አባባ ግን ወደ እንዝርቶቹ ዞሩ። አንድ በአንድ አዩአቸው። የልጃቸውም እንዝርት ይሽከረከር ነበር፤ ከሁለት ወር ጾም የሚያወጣት ነገር አሁን በጆሮዋ ተነቦላት፣ የእሷ እጅ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ያንን ፊታቸውን አልረሳውም። ያዘኑትም ያፈሩትም በራሳቸው ነው። ወረቀቱን በሁለት በኩል አጥፈው ከአጎዛቸው ሥር አደረጉና፣ «ሂጂ፣ ተዋቡን ጥሪያት። ሼሁ ፈትል አይደለም፣ አንቺን ነው የሚፈልጉት በያት» አሉኝ።

እትዬ ተዋቡ መጣች፤ ግን ወደ ውስጥ አልዘለቀችም፤ ከበሩ ሥር ቁጢጥ አለች። አክስቴና እሷ አልተያዩም። አባባ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በተረት ድምፃቸው ጀመሩ።

«አንድ ገበሬ ነበር። በረመዳን እርሻውን ሲያርስ ውሎ፣ በሬዎቹን ውሃ ሊያጠጣ ከምንጭ ወረደ። በሬዎቹ ጎንበስ ሲሉ እሱም እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጠጣ። ጠግቦ ቀና ሲል ጾሙ ትዝ አለው። ከምንጩ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ። አንድ ሽማግሌ ሲያልፉ አዩት። ‹ምን ሆንክ?› ‹ጾሜን ረስቼ ጠጣሁ።› ‹ውሃው የማን ነው?› ‹የአላህ።› ‹መርሳቱንስ ማን አመጣብህ?› ገበሬው ቀና ብሎ አያቸው። ‹አየህ ልጄ፣ ጌታው ድንገት ጎትቶ አጎረሰህ። ባለ ድግሱ በገዛ እጁ ያጎረሰውን እንግዳ፣ ለምን ዋጥክ ብሎ ይከሰዋል? አፍህን ጥረግ፣ ጾምህን ቀጥል፣ ማታ አፍጥር፤ የምትከፍለው የለብህም።›»

መጀመሪያ የእናቴ እንዝርት ቆመ። ቀጥሎ የአንዷ፣ ቀጥሎ የሌላዋ፤ ቤቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ የፍሙ መንጣጣትና የሾርባው መንተክተክ ብቻ ቀረ። የአክስቴ እንዝርት ከእጇ አምልጦ መሬት ላይ ተንከባለለ፣ ክሩን እየፈታ። አላነሳችውም። «አባዬ፣ እኔን ነው?» አለች።

«አንቺን ነው። አላህ አጎረሰሽ። ሁለት ወር የለብሽም፤ አንድ ቀንም የለብሽ።»

ከበሩ ሥር እትዬ ተዋቡ፣ «እና የእኔ እጅ፣ ሼሁ?» አለች።

«ያንቺ እጅማ የጌታ ማጉረሻ ሆነ፤ ምን ከፋሽ?»

እትዬ ተዋቡ እጇን ገልብጣ እያየች ቆየች። ከዚያ ዓይኗ በእንባ ሞልቶ፣ «እንግዲያው ነገም ልዝገንላት?» አትልም!

«ነገማ እያወቅሽ ነው!» አሉ አባባ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስቴ ስትስቅ ደረቷን ያዘች፤ እትዬ ተዋቡ ተነስታ ሄዳ እንዝርቷን አነሳችላት፣ የተፈታውን ክር እየጠቀለለች ከጎኗ ተቀመጠች። አዛን ሲል የመጀመሪያዋን ተምር ለአክስቴ ያጎረሰቻት እሷ ናት። «አሁንስ ሰዓቱ ነው፣ ሼሁ?» ብላ ጠይቃ።

አባባ በማግስቱ አንድ ሉህ፣ ቁርአን የሚማሩ ልጆች የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ለራሳቸው አስቀሩ። ከዚያ ወዲያ የሚጽፉትን መጀመሪያ በሉሁ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋሉ፣ ማታ ያነባሉ፣ እያነበቡም በዓይናቸው ጥግ እንዝርቶቹን ያያሉ። ከቆሙ ወደ ወረቀት ይገለብጡታል። ካልቆሙ «አልደረሰም» ብለው ሉሁን ያጥቡና እንደገና ይጀምራሉ። አንዳንዱን ነገር ስንት ጊዜ እንዳጠቡት! ተቃዋሚዎቻቸው «ሼሁ በሴት እንዝርት ነው ወይ ዲን የሚመዝኑት?» ሲሏቸው፣ «ሃይማኖቱንስ አልመዝንም፤ የምመዝነው አፌን ነው» ይሉ ነበር።

አክስቴ ጦይባ ከዚያ በኋላ ብዙ ረመዳን ጾመች። የሞተች ቀን እትዬ ተዋቡ ከአባባ ቤት ሳትወጣ ዋለች፤ ገብስ ቆልታ ለሐዘንተኛው እየዘገነች፣ ለእያንዳንዱ «ለጦይባ» እያለች።

አባባ ካለፉ በኋላ ያስተማሯቸው ደረሳዎች ጽሑፉን አሳተሙት፤ ቀጭን መጽሐፍ ናት። አሁን ከድጃ ስልክ ውስጥም አለች አሉ። ባለፈው ረመዳን ታነብልኝ ነበር፤ ስለ መርሳት ከሚያወራው ስትደርስ ገበሬው መጣ፣ ምንጩ መጣ፣ ቀጥሎም፣ «‹ነገም ልዝገንላት?› ለሚል ሰው፣ ነገማ እያወቀ ነው» የሚል አለ። ከድጃ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች፣ አያቴ?» ብላ ሳቀች። ስም አልተጻፈም። እኔ ግን ድምፅዋን ሰማሁት፤ ከበሩ ሥር።

ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የአባባን መልክ እንኳ ኩራዙ ካበራው ጎኑ በቀር አላስታውሰውም። ያ ጸጥታ ግን ቀረልኝ፤ ሁሉም እጅ ባንድ ጊዜ ሥራውን ሲረሳ የሚመጣው ጸጥታ። ሰው ሲያዋራኝ ዛሬም ዓይኔ ወደ እጁ ይሄዳል።

አሁንም፣ የአክስቴ እንዝርት መሬት ላይ የተንከባለለበትን ሳወራ፣ የከድጃ አውራ ጣት ስልኩ ላይ ቆሞ ነበር። አፏን ከፍታ ታየኛለች። «ጻፊ እንጂ፣ ልጄ!» አልኳት። ስለዚህ እዚያ ላይ አንድ ሁለት ቃል ሳይጻፍ አልፎ ይሆናል።

ይለፍ፤ ደርሷል ማለት ነው።