የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም

ሰው እንዲህ ያለውን ወሬ ለምን ያምናል ብለው የሚገረሙ ሰዎች ያናድዱኛል። «ድንቁርና ነው» ይሉና ነገሩን ይዘጉታል። ታላቅ እህቴን ያሳጣን እንዲህ ያለ ወሬ ነው። ወሬውን ያመኑት ደግሞ እናትና አባቴ ናቸው፤ አንዳቸውም ደንቆሮ አልነበሩም። ድንቁርና ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ትንሽ ይቀልልኝ ነበር።

በደርግ ዘመን የምንኖረው አዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ነበር። አባቴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው። እናቴ አገሩን የለመደችው በጎረቤታችን ነው፤ ጎረቤታችን ሲዳማ ናት፣ ባሏ የሞተባት፣ ገበያ ቅቤ እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት። በመካከላችን የቅንጭብ አጥር ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ሲመላለሱበት ግን መሃሉ ሳስቶ በር ሆኖ ቀርቷል። ጎረቤታችን አንቱታ የሚባል ነገር አታውቅም። ሰፈሩ በሙሉ «እርስዎ» የሚለውን አባቴን «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም ከሳህ» ትለዋለች። አባቴ ሌላ ሰው ቢለው ፊቱ ይጠቁር ነበር፤ እሷ ስትለው ግን ይስቃል።

በዚያ ዘመን እውነት የሚመጣው በሹክሹክታ ነበር። ሬዲዮው ምርቱ ከዕቅድ በላይ ሆነ ሲል አባቴ አቀርቅሮ ራቱን ይበላል፤ ማሳው ደርቆ ሳለ ያንን ሪፖርት ጻፍ ተብሎ የጻፈው እሱ ራሱ ነበርና። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ስኳር በቅርቡ ይከፋፈላል ይላል፤ ጎረቤታችን በአጥሩ ብቅ ብላ «ስኳር የለም፣ አትጠብቂ» ትላለች፤ ስኳሩም አይመጣም። የእሷን ቤተ ክርስቲያን ዘግተው ምእመናኑን የኢምፔሪያሊስት ቅጥረኞች ብለዋቸው ነበር። እሷ ደግሞ በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩት እነማን እንደሆኑ ታውቃለች፤ ቅቤ ሻጮችና ልብስ ሰፊዎች ናቸው።

አንድ ጠዋት ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል መጣች። «ልጅሽን ዛሬ ከቤት አታስወጪ፤ ሊያፍሱ ነው» አለቻት እናቴን። ወንድሜን እሷ ጓዳ ደበቁት። ከሰዓት በኋላ ከመንገድ ያገኙትን ጎረምሳ ሁሉ አፍሰው ለውትድርና ጭነው ሄዱ። ወንድሜ ዛሬ የልጅ ልጅ ያየው በእሷ ሹክሹክታ ነው። ከዚያ በኋላ እናቴ የዚያችን ሴት ቃል እንዴት ብላ ትጠራጠር?

የጎረቤታችን የራሷ የበኩር ልጅ ግን ቀደም ብሎ ተወስዶባት ነበር። አስም ነበረበት፤ ሌሊት ሌሊት ሲያፍነው እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የሰፈራችን ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋውና ቁስል የሚያጥበው ሰውዬ፣ ቀበሌ ተቀምጦ ምልምሎቹን ይመረምር ነበር። ደረቱ ላይ አዳመጠና «ጤነኛ ነው፣ ይሄዳል» አለ። እናትየው ተንበርክካ ለመነችው። ልጁ ሄደ፤ አልተመለሰም። ድሬሰሩስ ምን ያድርግ፣ እምቢ ቢል የሚደርስበትን እኛም እናውቃለን። ግን ሰው አንዴ ጤናን በተመለከተ ከዋሸ፣ ነገ እውነት ሲናገር በምን ይለያል?

የወፍ በሽታ የምንለው ዓይንንና ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን በሽታ ነው። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም፣ የተወጋ ይሞታል፣ የሚያድነው ቅጠል ነው ይባላል። ይህን ከእኛም አገር የመጣ ሰው ይለዋል፣ የአዋሳም ሰው ይለዋል፤ በሌላው ነገር ሁሉ ያልተስማማ ሰው በዚህ ይስማማል። ጎረቤታችን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ ባይ ነበረች። ባሏ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሲከርም ቅጠል ስታጠጣው ቆየች፤ ሲብስበት ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ መርፌ ተወጋ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። ስታወራው ሁልጊዜ ከመርፌው ነው የምትጀምረው። ከመርፌው በፊት የነበሩትን ቀናት አትናገርም፤ እኛም አንጠይቃትም ነበር።

እህቴን «እታለም» እላት ነበር። መምህራን ማሠልጠኛ ለመግባት ጥሪ ትጠብቃለች። የቀበሌውን ሊቀ መንበር ድምፅ እያስመሰለች ጓዳ ውስጥ ስብሰባ ትከፍታለች፣ ትመራለች፣ ራሷ አጨብጭባ ትዘጋለች፤ እናቴ በፍርሃት መስኮቱን እየዘጋች ትስቃለች። ፀጉሬን ስትሠራኝ የጠላቷን ፀጉር የያዘች ይመስል ትጎትተኝ ነበር። አሁን ያ መጎተቷ ራሱ ይናፍቀኛል።

ክረምቱ ሲወጣ፣ ከሐይቁ በኩል ትንኙ ሲበዛ፣ ያንቀጠቅጣት ጀመር። ማንም አልደነገጠም፤ ወባ ለአዋሳ ሰው እንግዳ አይደለም። ክኒን ዋጠች፣ አስመለሳት፣ ደግማ ዋጠች። ከዚያ አንድ ጠዋት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ ተነሣች። ጎረቤታችን የዓይኗን ሽፋን በአውራ ጣቷ ገለበጠችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይሄ ወፍ ነው» አለች። «መርፌ እንዳታስነኪያት! በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ እንዳታስነኪያት!»

አባቴ ድሬሰሩን ይዞ መጣ። ሰውዬው እህቴን ለአፍታ አየና «ይሄ ወባ ነው፤ ከበድ ያለ ወባ ዓይን ቢጫ ያደርጋል። ዛሬውኑ መርፌ መጀመር አለባት» አለ።

«ዓይኗ ቢጫ ሆኖ እንዴት መርፌ ትወጋለች?» አለች እናቴ።

እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ቢያስረዳ፣ ወፍ የምትሉት አንድ በሽታ አይደለም፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ብዙ ነገር ነው ቢላት፣ ምናልባት። እሱ ግን በሩ ላይ ወደቆመችው ጎረቤታችን ዞረና ስብሰባ ላይ እንዳለ ጮኸ። «ይሄ ነው ኋላ ቀርነት! በአብዮት ዘመን የቅቤ ሻጭ ወሬ ሰምታችሁ ልጅ ልትገድሉ!»

«ልጄን ጤነኛ ነው ያልከኝ አንተ ነህ» አለችው፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

ሰውዬው ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ሙግቱም እዚያው ክፍል ውስጥ ሞተ። እውነቱን የያዘው ሰው የሚታመንበት ፊት አልነበረውም፤ የሚታመነው ፊት ደግሞ እውነቱን አልያዘም። አባቴ ደጅ ወጥቶ ሲንጎራደድ ቆየና ተመልሶ «እስቲ ትንሽ እንየው» አለ። የተማረ ሰው ነው፤ የአበባንና የሥርን ስም በላቲን ይጠራል። ግን ከመሥሪያ ቤት የሚወጣ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ ከማንም በላይ ስለሚያውቅ፣ ማኅተም ያለበትን ነገር ሁሉ የመጠራጠር ልማድ ይዞት ነበር።

ጎረቤታችን መድኃኒቱን ከገጠር ይዛ መጣች። ዝናብ መትቷት፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ነው የተመለሰችው። ቅጠሉን ወቅጣ፣ ጨምቃ፣ በራሷ እጅ አጠጣቻት። በማግሥቱ እህቴ ተሻላት፤ ቀና ብላ ተቀመጠች፣ የአሳ ሾርባ አማረኝ አለች። እናቴ የጎረቤታችንን እጅ ይዛ አለቀሰች። ያንን ጠዋት አልረሳውም፤ እንደዚያ ጠዋት የተደሰትንበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ማታውን ትኩሳቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ እኔን በማላውቀው ስም ትጠራኝ ጀመር። አባቴ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ለምኖ እስኪያመጣ ድረስ ራሷን ስታለች። ሆስፒታል ያለው ሌላ ከተማ ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኗን አየ፣ ደሟን አስመረመረ፣ ግሉኮስ ሰቀለ፣ መርፌውን ጀመረ። እናትና አባቴን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ሲያነጋግራቸው እኔም አጠገባቸው ነበርኩ።

«ወባ ነው። ጭንቅላቷ ላይ ወጥቷል። እንዲህ ሳትሆን ብታመጧት ይሄው መርፌ ያድናት ነበር። ምነው ቆያችሁ?»

እህቴ መርፌው ክንዷ ላይ እንዳለ አረፈች።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ገና መጀመሪያው ቀን ሰማሁት። «ደህና ሆና ነበር እኮ፤ ቀና ብላ ሾርባ ሁሉ ጠይቃ ነበር። ወስደው መርፌ ወጓት።» አንዷ ለሌላዋ ነገረች፣ ሌላዋ ደረቷን መታች። ለቅሶው ሳያልቅ ነገሩ ሰፈሩን አዳረሰ። ከጎረቤታችን ባል ቀጥሎ የእኔ እህት ማስረጃ ሆነች።

እናትና አባቴ እየሰሙ ማንንም አላረሙም። በኋላ በኋላማ እናቴ ራሷ «ምነው ባልወሰድናት» ማለት ጀመረች፤ የሐኪሙን ቃል በጆሮዋ የሰማችው እናቴ! መጀመሪያ ተናደድኩባት። እያደር ግን ገባኝ። መርፌው ገደላት ካልን ጥፋቱ የሩቅ ሰው ነው፤ ወባው ነው ካልን ግን ያ «እስቲ ትንሽ እንየው» የተባለበት ቀን፣ ያ የአሳ ሾርባ ጠዋት፣ ሁሉም የእኛ ይሆናል። ሰው ወሬን የሚያምነው ሁልጊዜ ስለተታለለ አይደለም። አንዳንዴ ካላመነው መኖር ስለማይችል ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ጎረቤታችን የመጨረሻ ልጇን አዝላ በአጥሩ ገባች። ልጅቷ ትንሽ ናት፣ ገና ጥርሷን አልነቀለችም። ትንቀጠቀጣለች፤ ዓይኗ ቢጫ ነው።

«ቅጠሉን ላመጣ ነው» አለች። «እስክመለስ ያዥልኝ። ያ ድሬሰር ቢመጣ እንዳታስገቢው።»

እናቴ ልጅቷን ተቀበለቻት፣ አቀፈቻት፣ ግንባሯን በመዳፏ ነካችው። ያን ጊዜ ፊቷ ላይ ያየሁትን እስከ ዛሬ ስም አላወጣሁለትም።

«መርፌው አይደለም» አለች።

«ምን?»

«ልጄን የገደላት መርፌው አይደለም። ሐኪሙ ነግሮናል፤ ወባ ነበር። ቀድመን ብንወስዳት መርፌው ያድናት ነበር። ያቆየናት እኛ ነን፤ እኔና አንቺ። ይቺን አናቆያትም።»

ጎረቤታችን ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ባሌስ?» አለች።

እናቴ ልጅቷን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ደጅ ወጣች።

ልጅቷን ጋሪ ላይ ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ የወጋትም ያው ድሬሰር ነው። ዳነች። ጎረቤታችን ግን ከዚያ በኋላ በዚያ አጥር አልገባችም። ቅንጭቡ ማንም ሳይተክለው መልሶ ገጠመ። ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከወዲያ በኩል ቆማ እናቴን ጠራቻት። ልጅቷ ከኋላዋ ትጫወታለች።

«መርፌው ነው ስንል ይሻለን ነበር» አለቻት።

እናቴ ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ጎረቤታችንን።

«አዎ» አለች፣ «ይሻለን ነበር።»