ስኳርም እንቅርትም የነበረበት ድመቴ

መጀመሪያ ነገሩን ያሳበቁብኝ ጉንዳኖች ናቸው። ድመቴ ጓሮ ከጎደሬው ሥር አፈር ጭሮ ከሸና በኋላ ቦታው ላይ ጉንዳን ተሰብስቦ አየሁ። ሌላ ሰው ቢሆን አይቶ ያልፈው ነበር። እኔ ግን ወላይታ ሶዶ ውስጥ ባለ ሆስፒታል የስኳር ሕሙማን መከታተያ ክፍል ነርስ ነኝ። ከገጠር የሚመጡ ታማሚዎች «ሲስተር፣ ሽንቴን ጉንዳን ወረረው» ሲሉኝ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ቆም ብዬ ድመቱን ተመለከትኩት። ለሳምንታት ያላስተዋልኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ የጀርባው አጥንት ወጥቷል፣ ጸጉሩ ደብዝዟል፣ ልብስ ከማጥብበት ሳፋ ሳይቀር ውሃ ይጠጣል፣ ቢበላ ቢበላ አይጠግብም።

ግራጫ ወንድ ድመት ነበር። ሻንቶ የምትባል ትንሽ ከተማ ተመድቤ በምሠራበት ጊዜ ጨቅላ ሆኖ አግኝቼው፣ ወደ ሶዶ ስዛወር በቅርጫት አድርጌ በሚኒባስ አመጣሁት። ከዚያ ወዲህ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎታል። አባቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥቶ ሶዶ የቀረ ሰው ነበር፤ እሱም እናቴም ካረፉ በኋላ እኔ ሳላገባ፣ ሁለት ክፍል ተከራይቼ ከዚህ ድመት ጋር እኖር ነበር። ከሥራ ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነው። ይህን ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ ማስረዳትም አላስፈለገኝም።

በዚያው ቀን የራሴን የስኳር መለኪያ አወጣሁ፣ የጆሮውን ጠርዝ በመርፌ ጫፍ ነካ አድርጌ አንዲት ጠብታ ደም ወሰድኩ። መለኪያው ቁጥር ማውጣት አልቻለም፤ ከአቅሜ በላይ ነው የሚል ምልክት ሰጠ። እኔ ግን ከዚያ የባሰ ስኳር ይዘው በቃሬዛ ገብተው በእግራቸው የወጡ ሰዎች አይቻለሁ። አልደነገጥኩም።

የከብት ሕክምናው ጣቢያ ስደርስ በሬና ፍየል የያዘ ገበሬ ተሰልፏል። ባለሙያው ቅርጫቱን ከፍቶ አየና «ድመት ነው?» ብሎ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ግን ደህና ምክር ሰጠኝ። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ወጣት ሐኪም እንዳለ ነገረኝና ባጃጅ ይዤ ወደዚያው ሄድኩ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ልጅ ነው። መዘነው፣ ዳሰሰው፣ መለኪያው ምን እንዳለ ሰማ።

«ሲስተር፣ እውነቱን ልንገርዎት። ስለ ድመት ስኳር የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። በእጄ አክሜ አላውቅም።»

«እኔ ደግሞ ስኳርን በእጄ አውቀዋለሁ፤ ድመትን ነው የማላውቀው» አልኩት። «እንግዲህ ተደጋግፈን እንሞክረው።»

በጣም ትንሽ ኢንሱሊን፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁልጊዜ ከበላ በኋላ እንድሰጠው ተስማማን። ምግቡም ተለወጠ። ቂጣና ወተት ቀርቶ ሥጋ፣ ሳንባ፣ አንዳንዴም ከአባያ የሚመጣ ዓሣ ሆነ። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ፍለጋ የምሄደው የጴንጤ ሥጋ ቤት ነበር። ባለቤቱ ማተቤን አይቶ፣ ሳንባውን አይቶ፣ በጋዜጣ ይጠቀልልልኛል።

ግቢው የእትዬ ነው። እትዬ የምላቸው አከራዬን ነው፤ ወደ በዴሳ ከተማ ገበያ እየወጡ ቅቤ የሚነግዱ፣ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ፣ ድምፃቸው ከአጥር ተሻግሮ የሚሰማ የወላይታ ሴት። በአማርኛ ሲያወሩ ድመቱን አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» ይሉታል። መርፌውን በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ቆመው አዩኝ።

«ሲስተር! ለድመት መርፌ? ሰው በመድኃኒት እጦት እየሞተች?»

«ከሰው ቀምቼ አይደለም እትዬ። ከፋርማሲ የገዛሁት ነው።»

«ብትገዢስ? ድመት እኮ ነው።»

«ላምዎ ስትታመም ሐኪም አይጠሩም?»

«ላም ወተት ትሰጣለች።»

«ይሄ ደግሞ አይጥ ይይዛል። የቅቤዎን ማሰሮ ማን የሚጠብቅልዎት ይመስልዎታል?»

ሊስቁ አልፈለጉም፤ ግን አመለጣቸው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ወደ ገበያ ከመውጣታቸው በፊት በሬ ላይ ቆም እያሉ ማየት ጀመሩ። ድመቱ ምግቡን ልሶ ሲጨርስ የትከሻውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጌ አነሣለሁ፣ እወጋለሁ፣ አለቀ። ዘወር ብሎ እንኳ አያይም።

ወሬው ግን ሆስፒታል ደረሰ። ያኔ ግምገማና አንድ ለአምስት የበዛበት ዘመን ነበር፤ ሰው የሚበላው ቢያጣ የሚገማገመው አያጣም። አንድ ቀን ስብሰባው ሊያልቅ ሲል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ተነሥቶ፣ «አንዳንድ ባለሙያዎች የሕዝብን ኢንሱሊን ለድመት እየወጉ ነው ይባላል» አለ። ስሜን አልጠራም። ሰው ሁሉ ግን ወደ እኔ ዞረ።

ተነሣሁ። «አንዳንድ አይባልም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «ድመቴ ስኳር አለበት፣ መርፌ እወጋዋለሁ። የክፍሉ ማቀዝቀዣ እዚህ አጠገባችን ነው። አሁኑኑ ሄደን ብልቃጦቹን ከታማሚዎቹ ካርድ ጋር እናመሳክር። አንዲት ጠብታ ከጎደለች ከሥራ ልባረር።»

ሰብሳቢው አስፈላጊ አይደለም ቢልም እኔ አልተቀመጥኩም። ሄድን፣ አመሳከርን፣ ምንም አልጎደለም። በማግሥቱ ያው ባልደረባዬ ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ ዝቅ ባለ ድምፅ «እና እንዴት ሆነ ድመቱ?» አለኝ። «ደህና አይደለም» አልኩት። እውነቱም ይኸው ነበር።

ደህና አልነበረም። መጠኑን ትንሽ በትንሽ ብንጨምርም ስኳሩ እምብዛም አይወርድም። ኪሎው ይቀንሳል። ቀን ሲያንጎራጉር ይውላል፣ አንድ ቦታ አርፎ መተኛት አቃተው። ደረቱ ላይ እጄን ሳስቀምጥ ልቡ ከቁጥር በላይ ይመታል። ለታማሚዎቼ የማደርገውን ለእሱም አደረግሁ፤ መድኃኒቱ በሥርዓት እየተወሰደ ስኳር እምቢ ካለ፣ ሌላ የተደበቀ ነገር አለና ፈልግ። እንደገና ወደ ወጣቱ ሐኪም ወሰድኩት።

ሐኪሙ አገጩን ቀና አድርጎ ጉሮሮውን በሁለት ጣቱ ቁልቁል ዳበሰው። ደገመው። ከዚያ እጄን ይዞ ጣቴን እዚያው ቦታ ላይ አሳረፈው። እንደ ባቄላ ፍሬ ያለች ነገር ከጣቴ ሥር ሾልካ አለፈች።

«እንቅርት ነው» አለ።

እንቅርት! ከተራራማው ቀበሌ በሚወርዱ ሴቶች አንገት ላይ ስንቱን አይቻለሁ። በድመት ግን አስቤው አላውቅም። ሐኪሙ እንዳለው ያረጁ ድመቶችን ያገኛቸዋል፤ ዕጢው ከልክ በላይ ሲሠራ ሰውነትን ያነድደዋል፣ ኢንሱሊንንም ያከሽፈዋል።

ለማረጋገጥ ደሙ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ሐኪሙ ደሙን ቀዳ፤ አንዲት ወደ አዲስ አበባ የምትጓዝ ጓደኛዬ በበረዶ ሣጥን ይዛው ሄደች። ቅጹ ላይ ዕድሜ አሥራ አንድ፣ ጾታ ወንድ ተብሎ ተሞላ። በሦስተኛው ቀን ከላቦራቶሪው ስልክ ተደወለ። የተጨነቀች ሴት ድምፅ ነው።

«የልጁ እናት ነሽ?»

«አሳዳጊው ነኝ» አልኩ።

«የታይሮይድ ውጤቱ በጣም ከፍተኛ ነው። ልጁን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ትምህርት ቤት እንዳይሮጥ።»

«እሺ እህቴ፣ አይሮጥም» ብዬ አመስግኜ ዘጋሁ። እትዬ ይህን ስነግራቸው የቅቤ ቅላቸውን አስቀምጠው እስኪያነቡ ሳቁ።

ሐኪሙ ያዘዘለት የእንቅርት ኪኒን ለሰው የሚሰጠው ነው። በምላጭ እየከፈልኩ ፍርፋሪውን ለድመቱ። መጀመሪያ በሥጋ ጠቀለልኩለት፤ ሥጋውን በልቶ ኪኒኑን ምንጣፉ ላይ ተፋው። ወተት ውስጥ በጠበጥኩለት፤ አሽትቶት ሄደ። መፍትሔው የመጣው ከእትዬ ነው። ከማሰሯቸው የለጋ ቅቤ በጥፍራቸው ቆንጥረው፣ ፍርፋሪውን መሐሉ ቀብረው አድቦልቡለው ሰጡት። ድመቱ ዋጠና ጣታቸውን ላሰ።

«የእኔን ቅቤ ማን ይተፋል?» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኪኒኑ የእሳቸው ሥራ ሆነ።

ኪኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ለአምስት ቀን ሥልጠና ሐዋሳ እንድሄድ ደብዳቤ ደረሰኝ። መርፌውን ለማን እተዋለሁ? ነገሩን ለእትዬ ስነግራቸው ከእኔ ቀድመው መለሱት።

«አሳይኝ» አሉ።

ለታማሚዎች እንደማደርገው በብርቱካን አስጀመርኳቸው። መርፌው ላይ መጠኑን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ። አየር እንዴት እንደሚወጣ፣ ብልቃጡ እንዴት እንደሚገለባበጥ፣ ቆዳ እንዴት እንደሚነሣ አሳየኋቸው። እጃቸው ቅቤ መዝኖ የኖረ እጅ ነው፤ ልክ ያውቃል። በሁለተኛው ቀን ድመቱን ራሳቸው ወጉት። ወግተው ሲጨርሱ እኔን ሳይሆን መርፌውን ነው ያዩት፤ «ይሄው ብቻ ነው?» አሉ።

ሐዋሳ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ ሥልጠና ላይ እያለሁ ስልኬ ነዘረ። ወደ ውጭ ሮጥኩ።

«ሲስተር! ሰከረ ድመቷ! እግሩ አይቆምም፣ ግድግዳ ይመታል!»

ገባኝ። በአንድ ትንፋሽ ሁሉም ነገር ገባኝ።

«እትዬ፣ ስኳሩ ወርዶበት ነው። ማር አለዎት?»

«አለ።»

«በጣትዎ ድዱን ይቀቡት። በጥርሱ መሐል ጣትዎን እንዳያስገቡ፤ ድዱን ብቻ። ስልኩን አይዝጉት።»

ስልኩ ግን ራሱ ተቋረጠ። ብደውል አይሠራም፤ ደግሜ ብደውል ኔትወርክ የለም። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ ያቺን ሩብ ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኳት እኔ ነኝ የማውቀው። በመጨረሻ ስልኩ ገባልኝ።

«ቀባሁ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «መጀመሪያ እምቢ አለ። ደግሜ ቀባሁ። አሁን ቀና ብላለች። ምላሱን እያወጣ ነው። ሥጋ ልስጠው?»

«ይስጡት እትዬ። ይስጡት። የማታውን መርፌ ደግሞ ይዝለሉት።»

ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። የእንቅርቱ ኪኒን መሥራት ሲጀምር ኢንሱሊኑን የሚያከሽፈው ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ መጠኑም አብሮ መቀነስ ነበረበት። ሐኪሙ ቶሎ ቶሎ ይለኩት ብሎኝ ነበር። እኔ በጉዞው ሽርጉድ መሐል አሮጌውን መጠን በቀይ አስምሬ ሄድኩ። ለታማሚ ብሠራው ኖሮ ራሴን ይቅር የማልለው ስህተት ነው። ለእትዬ ይህንኑ በስልክ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ «አሁን ስንት ላድርግ? እሱን ንገሪኝ» አሉ። ለሐኪሙ ደውዬ ተመካከርን፤ በግማሽ ቀነስነው። ከሐዋሳ ስመለስ ድመቱ በረንዳው ላይ ጠቅልሎ ተኝቷል። ለወራት እንደዚያ ሲተኛ አላየሁትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እጃችን ገባ። ኪሎው ተመለሰ፣ ጸጉሩ ጠቆር አለ፣ የልቡ ሩጫ በረደ። መጠኑን በየሳምንቱ እየለካሁ አስተካክል ነበር፤ ሐኪሙም ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ሁለቴ መጥቶ አሳያቸው። እትዬ ለተማሪዎቹ አስረጂ ሆነው ቆሙ፤ ማንም ግን አልጠየቃቸውም።

ዓመት ሳይሞላ እትዬ ራሳቸው ይከሱ ጀመር። ከገበያ ሲመለሱ አንድ ጆግ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳሉ። እኔ ከመጠየቄ በፊት አንድ ጠዋት ክንዳቸውን ዘርግተው በሬ ላይ ቆሙ። «ለካኝ» አሉ። ለካኋቸው። ቁጥሩን አሳየኋቸው፤ ትርጉሙን መናገር አላስፈለገኝም።

ሆስፒታል አብረን ሄድን። በኪኒን ተሞከረና አልበቃ ሲል የሆስፒታሉ ሐኪም ኢንሱሊን አዘዘላቸው። እኔ ባለሁበት ክፍል ኢንሱሊን ሲባል የሚያለቅስ አለ፣ ካርዱን ጥሎ የሚጠፋ አለ፣ ወደ ጸበልና ወደ ጸሎት ቤት ብቻ የሚሄድ አለ። ሐኪሙም ይህን ስለሚያውቅ ቀስ ብሎ፣ ረጋ ብሎ ሊያስረዳቸው ጀመረ። እትዬ እስከ ግማሽ አዳመጡት።

«ልጄ፣ አትድከም» አሉት። «እጄ ያውቀዋል። መጠኑን ብቻ ንገረኝ።»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። «የት ተማሩ?» አለኝ።

«ቤት ነው» አልኩት።

ድመቱ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። መጨረሻው የስኳርም የእንቅርትም አልነበረም፤ ኩላሊቱ ደከመ፣ ምግብ ተወ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ከዚህ በላይ ማስቸገር ግፍ ነው አለ። በአንድ ከሰዓት በኋላ ጭኔ ላይ እንዳለ አረፈ። ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ስቀብረው እትዬ ዶማውን ከእጄ ተቀብለው ጉድጓዱን ራሳቸው ጥልቅ አድርገው ቆፈሩት። «ውሻ እንዳያወጣት» አሉ። አላለቀሱም። እኔ ግን አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም።

እትዬ ዛሬም ጠዋትና ማታ ራሳቸውን ይወጋሉ። የቀጠሯቸው ቀን ሲደርስ ከሁሉ ቀድመው መጥተው አግዳሚው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ መርፌ የፈራ አዲስ ታማሚ ሲያዩ አጠገቡ ጠጋ ብለው በወላይትኛ ያነጋግሩታል። ምን እንደሚሉት ከክፍሌ ሆኜ አይሰማኝም። ታማሚው ግን ተራው ደርሶ ወደ እኔ ሲገባ ክንዱን ሰብስቦ አይገባም።