ሞተሩ ይውረድ ወይስ ይቅር

ባሌ ሲሞት የቀረችኝ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። ጓሯችን ውስጥ ማንጎው ሥር ቆማ ቅጠል ሲለብሳት አየሁና አንድ ጠዋት ቁልፉን ይዤ ወጣሁ። ባትሪዋ እንዳይሞት ብዬ ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ስትነሳ ግን ግቢው ሞላ፤ ሰው የገባ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ አስነሳት ጀመርኩ። ውሎ አድሮ መንዳት ተማርኩ፤ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና እሱ ይሠራበት በነበረው መንገድ፣ ከአሶሳ ባምባሲ፣ ሲገኝም እስከ ቶንጎ፣ ማንጎና ሰው መጫን ያዝኩ። በዚያ መንገድ ላይ ሌላ ሴት ሹፌር ገጥማኝ አታውቅም።

እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰዎች ልጅ ነኝ። እሱ የአሶሳ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነበር። አማርኛን የለመደው ካደገ በኋላ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለይም። «ና ብላ» ይለኛል። «ደክሞሃል፣ ተቀመጥ» ይለኛል። ጎረቤት ይስቃል፤ እኔ ግን ወድጄው ነበር። ከሞተ ወዲህ እንደዚያ የሚጠራኝ ታላቅ ወንድሙ ብቻ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ ነው ብቅ የሚል። ልጃችን አግብታ ግልገል በለስ ትኖራለች።

ስለዚህ ቀኔ የሚያልፈው ከመኪናዋ ጋር ነበር። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ባሌ በሕይወት እያለ ቆሟል። ምን ያህል እንደሄደች ለማወቅ ግን እሱን ማየት አያስፈልግም፤ የፍሪሲዮኑ መርገጫ ጎማ በባሌ እግር ተበልቶ ብረቱ አግጥጧል። ድሮ ከመንገድ ሲመለስ ወጥ ቤት ሆኜ ከሩቅ እለየዋለሁ። ዳገቱን ሲጨርስ ሞተሩ እንደ ሽሮ ድስት ይንተከተካል፤ ከዚያ ትንሽ ያንኳኳል። እሱ በሩ ጋ ሳይደርስ ለእጁ ውኃ አቀርባለሁ።

ዘይት መብላት የጀመረችው እኔ መንዳት ከመጀመሬም በፊት ነው። እየጨመርኩላት እንሄድ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ግን ከባምባሲ ስመለስ ኋላዬ በሰማያዊ ጭስ ተሸፈነ፤ ዳገቱ ላይም ጉልበት አጣች። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ገፉልኝ፤ አልሆነም። ሌላ መኪና ሲመጣ በሱ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ቀርከሃው ጥላ ሥር እስክትበርድ ተቀመጥኩ። «አይዞሽ፣ እቤት ድረስ ብቻ» እላታለሁ። ሌላ የማናግረው ሰው አልነበረም።

መካኒኩ ከጎጃም የመጣ፣ መኪናዋን ከባሌ ጊዜ ጀምሮ የሚያውቃት ሰው ነው። አስነሳትና የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተው፤ ጭሱ በዚያም በኩል ወጣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሞተሩ አልቋል። የፒስተኖቹ ቀለበት ተበልቷል፣ ሲሊንደሮቹም ሰፍተዋል። ማደስ ይቻላል፤ ወርዶ አዲስ አበባ ደርሶ ይመጣል። ግን አካሏም አርጅቷል። ሞተሩን አድሰው ነገ ሻንሲዋ ቢሰነጠቅስ? እንዳለች ልሽጣት ካሉ ለዕቃዋ የሚፈልጋት አይጠፋም።»

«ያንተ ብትሆንስ?» አልኩት።

«የኔ ብትሆን እሸጣታለሁ» አለና ጨርቁን እያጣጠፈ፣ «ግን እኔ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው አለ» አለ። ክፉ አስቦ አይደለም። ከመኪናዋ ጋር ሳወራ ሰምቶኝ ያውቃል።

«ብትታደስ ድምፅዋ ይለወጣል?»

«እንዴታ! ጸጥ ነው የምትል።»

«ይሄ ማንኳኳቷስ?»

«እሱማ በሽታዋ ነው፣ እትዬ።»

ያን ሁሉ ዘመን ውኃ ይዤ ስሮጥ የነበረው በሽታዋን እየሰማሁ ኖሯል።

የባሌ ወንድም ወሬውን ሰምቶ ጋራዡ ድረስ መጣ። መኪናዋን ዞሮ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «መኪና ሞቷል፣ ኻላስ፣ አለቀ። ወንድሜም ሞቷል። አንተ ምን ትሠራለህ እዚህ? ልጅህ ጋ ሂድ» አለኝ። ልጄም በስልክ ያንኑ አለች፦ «እማ፣ ሽጪያትና ነይ። ለአንቺ የሚሆን ክፍል አለ።» እኔም ለካ ስጠብቅ የነበረው ይህንኑ «ነይ» መባል ነው ብዬ ደነገጥኩ። መኪናዋን መካኒኩ ጋ ትቼ፣ «እስክመለስ አትንካት» ብዬው ሄድኩ።

ግልገል በለስ ያልተደረገልኝ ነገር የለም። ልጄና ባሏ ጠዋት ቢሮ ይገባሉ፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ሠራተኛዋ አንድ ብርጭቆ እንዳጥብ እንኳ አትፈቅድልኝም። «እርስዎ ይቀመጡ» ትለኛለች፤ እቀመጣለሁ። በረንዳው ላይ ሆኜ መኪና ባለፈ ቁጥር አንገቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ። አንድ ከሰዓት ልጄ ከሥራ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ኖሮ፣ «እማ፣ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለችኝ። አሶሳም ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን እዚያ ጠዋት ስነሳ የምሄድበት አለኝ። እዚህ በሰው መሃል ተቀምጬ ቀኑ እስኪመሽ ነው የምጠብቀው።

«ልመለስ ነው» አልኳት።

«መኪናዋስ?»

«አሳድሳታለሁ።»

«ለአባዬ ብለሽ ነው አይደል?» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አይደለም። የአባትሽ ሞተርማ ሊወርድ ነው። ለራሴ ነው።»

አሶሳ ስመለስ መካኒኩ መፍቻዎቹን አሰናድቶ ሲጠብቀኝ አንድ ጊዜ ላስነሳት አልኩት። ገባው መሰለኝ፣ ሲጋራ ልገዛ ነው ብሎ ወጣ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ተንተከተከች፣ አንኳኳች። ረጅም ጊዜ ሰማኋት። ከዚያ ማንም ሳያጠፋብኝ ራሴ ቁልፉን መልሼ አጠፋኋት።

ሞተሩ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ክረምቱ ገባ። በዕድሜዬ እንደዚያ ክረምት የረዘመብኝ የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይሻለኛል፤ ሲያባራና ግቢው ጸጥ ሲል ነው የሚከፋው። ከማንጎው ሥር መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ደረቅ መሬት እንኳ ሣር በቀለበት።

ሞተሩ መጣ፣ ተገጠመ፣ ተጠራሁ። መካኒኩ «ያስነሷት» አለኝ። ቁልፉን አዞርኩት፤ ምንም ድምፅ አልሰማ ሲለኝ ደግሜ አዞርኩት፤ ብረት ተፋጨ። «ኧረ ተነስታለች፣ እትዬ!» ብሎ በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሪው ላይ ግንባሬን አስደግፎ አስለቀሰኝ። እሱም ሳቁን አቁሞ መስኮቱ ጋ ቆመ። የሰው መኪና ሰርቄ እንደምሄድ እየተሰማኝ ነድቼ ቤት ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ የባሌ ወንድም ቶንጎ ዘመድ ሊጠይቅ አብሮኝ ተሳፈረ። ድሮ በሞተሩ ጩኸት ከጎኔ ተቀምጦም አንነጋገርም ነበር። ባምባሲን ስናልፍ፣ «ይሄ መኪና አሁን ሰው ያስወራል» አለና ጀመረ። ባሌ ልጅ እያለ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ ኩርሙክ የሚሄድ የጭነት መኪና ሸራ ሥር ተደብቆ ጠፍቶ ኖሯል። አባታቸው ወንዙን ሁሉ ሲያስስ ከረመ፤ እናታቸው እህል አልቀምስ አለች። ከዚያ ያው መኪና ሲመለስ እሱ ፊት ወንበር ላይ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መጣ።

«አባቴ ዱላ ይዟል፤ እሱ ይስቃል። ወላሂ፣ ይስቃል!» አለኝ ወንድሙ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ባሌ ይህን አልነገረኝም ነበር።

ቶንጎ ላይ ተሰናበተኝ። ስመለስ ሰው አልጫንኩም፤ የሰማሁት እንዳይበተንብኝ ፈራሁ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝ፤ የመስታወት መጥረጊያው የድሮው ነው፣ ይንቋቋል። ቤት ስደርስ ሊመሽ ነበር። ወርጄ በሩን ከፈትኩ፤ መኪናዋን አስገባሁ፤ ተመልሼ ዘጋሁትና ለእጄ ውኃ ራሴ ቀዳሁ።