እግረኛ ነህ ወይስ ጋላቢ?

ከቡልጋ የወጣሁ ዕለት ዶሮ ሁለተኛ ሲጮኽ እናቴ በሶዬን ቋጥራ ጨርሳ ደጅ ቆማ ነበር። የጮኸው የጎረቤት ዶሮ ነው፤ የእኛዎቹ በአባቴ ተዝካር አልቀዋል። አልቅሳ ትሸኘኛለች ብዬ ስጠብቅ ምክር ጀመረችኝ።

«እግዜር በቅሎ ይስጥህ» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ እንኳን በቅሎ የኮርቻ መስቀያ የሌለን ሰዎች ነን። ቢሆንም «አሜን» አልኩ።

«ሲሰጥህ ግን፣ ትልቅ ሰው ስታይ ከበቅሎህ ውረድ። ‹የማን ልጅ ነው ይሄ ባለጌ› አታሰኘኝ።»

«እሺ እማዬ።»

እሺ ማለት ምን ይከብዳል! በቅሎም የለኝ፣ የምወርድበትም የለኝ። ስሜያት ሄድኩ። ከቁልቁለቱ ስር ደርሼ ዞር ብል እዚያው ቆማለች። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

አገር ቤት ላላችሁት፣ ከኋላዬም ለምትመጡት፣ ስለ ስደት ስጽፍ ስለ ረሃቡና ስለ እንግልቱ የምዘበዝብ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እሱንስ ሌላው ሁሉ ነግሯችኋል። እኔ የምነግራችሁ ስለ መቆም ነው። ሰው ቁም ሲባል መቆም አለበት ወይስ የለበትም? አትሳቁ፤ በዚህ ነገር ልጠፋ ነበር።

አራት ቀን በእግሬ ተጉዤ አዋሽ ጣቢያ ደረስኩ። ባቡር ሲመጣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ «ይሄንንስ ማን ያቆመዋል?» ብዬ ነበር። ያቆመው አንድ ከሲታ ሰውዬ ነው፤ እጁ ላይ ከቁራጭ ጨርቅ በቀር ምንም አልያዘም። ጨርቁን አነሳ፣ ያ ሁሉ ብረት ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ የምጽፍላችሁም ነገር ባልኖረኝ።

ድሬዳዋ ስወርድ ሙቀቱ ጉድ ነው! ላቤ በሶዬን በከረጢቱ ውስጥ አቦካው። ከነጋዴዎች ጋር ዳገቱን ወጥቼ ሐረር ስደርስ ግን ነፍሴ መለስ አለች። ብርዱ እንደኛ አገር ውርጭ አይናከስም፤ ሸማ የሚያስለብስ፣ ጋቢ የማያስለብስ ዓይነት ነው። የከተማው በር ላይ ቀራጩ ያዘኝ።

«የሚቀረጥ ዕቃ የለህም?»

«የለኝም ጌታዬ።»

«እንግዲያው ለምን መጣህ?»

እውነቴን ነው፣ እስካሁንም ለዚያ ጥያቄ ጥሩ መልስ የለኝም።

ዳዊት መድገሜ ጠቀመኝ። ስልክ ቤቱ ማንበብ የሚችል መልእክተኛ ይፈልግ ነበር። ከአዲስ አበባ ወይ ከድሬዳዋ የተነገረውን ጸሐፊው በወረቀት ይጽፈዋል፣ እኔ ባለቤቱን ፈልጌ አደርሳለሁ። ሥራው ይሄው ነው። የቀረኝ ማደሪያ ነበር። አንድ ጓደኛዬ ከጀጎል ግንብ ውስጥ ክፍል የሚያከራዩ ባልቴት አሉ ብሎ አመላከተኝ።

ደጃፉ ላይ ቆሜ እንደ አገሬ «ቤቶች!» አልኩ። አንዲት ሴት ብቅ አለች።

«ክፍል ይከራያል?»

ዞር ብላ ወደ ውስጥ «አይ!» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጮክ ብላ «አይ! አይ!»

እኔም ወንድ ነኝ፣ ሦስቴ አይሆንም ከተባልኩ ምን እጠብቃለሁ? ጥዬ ሄድኩ። ጥጉን ስዞር ባልቴቷ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ደረሱብኝ። «ምን ሆነህ ነው የምትሸሸው? አበድክ እንዴ?» ለካ በእነሱ ቋንቋ አይ ማለት እናት ነው። ሴትዮዋ እሳቸውን መጥራቷ ነው። አይ ሐሊማ ይባላሉ።

«ቤት ስትገባ ጫማህን ታወልቃለህ?» አሉኝ።

«ጫማ የለኝም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንግዲያው እግርህን ታጥበዋለህ።»

ቤታቸውን ብታዩት! ከመደቡ ላይ መደብ፣ ግድግዳው ሁሉ በስፌት የተሞላ፣ ወለሉ ቀይ። እኛ አገር አብሽ ሆዱን ለታመመ ነው የሚሰጠው፤ እዚህ ደግሞ ወጥ ሆኖ በእንጀራ የሚጠቀሰው እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ የታመምኩ እየመሰለኝ ነበር የምበላው። ሥጋችን አይገናኝም፤ እሳቸው የእስላም፣ እኔ የክርስቲያን ነው የምበላው። ስለዚህ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አንድ ድስት ለብቻዬ ለዩልኝ። ረቡዕና ዓርብ ቅቤው ይቀርና የኑግ ዘይት ይገባበታል። አንዳንዴ ጾሙን እኔ እረሳዋለሁ፣ እሳቸው ግን አይረሱም። «ታዬ፣ ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ወተቱን አስቀምጥ!» ይሉኛል። የንስሐ አባቴ እንኳ እንዲህ አልተከታተሉኝም።

በሁለተኛው ዓመት የስልክ ቤቱ ሹም ከጅቡቲ ብስክሌት አስመጡ። ፈረስ መጋላ በሚሉት ገበያ ላይ ስማር ያልወደቅኩበት ድንጋይ የለም። ከለመድኩት ወዲያ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ አበጠ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል። እናቴ የተመኘችልኝ በቅሎ ይሄው አልኩ፤ ገብስ አትበላ፣ አትራገጥ። የሚያናድደኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወርድ ጠባብ ቁልቁለት አለ። ግራና ቀኙን ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሰፋሉ። ሁለት ጭነት ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስለዚህ ባሻ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ዘበኛ ከላይ ይቆማሉ፤ ዘንጋቸው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ከታች ጭነት ሲመጣ ጨርቁን ያነሳሉ፤ ጋላቢ ይቆማል፣ እግረኛ ግን ግድግዳውን ተጠግቶ ያልፋል። ደንቡ ይሄው ነው።

«ቁም!» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን። «ጨርቁን አላየህም?»

«አይቻለሁ ባሻ። ጨርቁ ለጋላቢ አይደል?»

«አንተስ ማነህ? እግረኛ ነህ ወይስ ጋላቢ?»

«እግረኛ ነኝ።»

ብስክሌቱን ከፊት ጎማው እስከ ኋላ ጎማው አዩት። «የተቀመጥክበትስ? በርጩማ ነው?»

«የሚሄደው በእግሬ ነው። እግሬን ካቆምኩ ይወድቃል።»

«በእግርህ የምትሄድ ከሆነ እግርህ መሬት ይንካ።»

ልብስ ሰፊዎቹ ሳቁብኝ፣ ደሜ ፈላ። «ባሻ፣ መልእክት አይቆምም» አልኩ። ይሄ የሹማችን አነጋገር ነው።

«ሞትም አይቆምም» አሉኝ።

አያችሁ፣ እልኸኛ ነኝ። በማግስቱ ጨርቁ ተነስቶ ሳለ አንድ እግሬን ዘርግቼ ጣቴን መሬት አስነካሁና «መሬት ነካሁ ባሻ!» ብዬ ሽው አልኩ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ እሳቸው ጨርቅ ያነሳሉ፣ እኔ መሬት ነክቼ አልፋለሁ። ሽማግሌ ሰውዬ ከኋላዬ እየጮኹ ሲቀሩ ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ዓርብ ረፋዱ ላይ ከድሬዳዋ ለአንድ የጊደር መጋላ ነጋዴ ቤት መልእክት ያዝኩ። «በሰላም ገብቻለሁ፣ አታስቡ» ነው የሚለው። ይሄ ነው እንግዲህ የማይቆመው መልእክት! ቁልቁለቱ አፍ ስደርስ ጨርቁ ተነስቷል። «መሬት ነካሁ ባሻ!» ብዬ ገባሁ።

ልብስ ሰፊዎቹ ሲያዩኝ ከመኪናቸው ብድግ አሉ። «አይ!» አለ አንዱ። «አይ! አይ!» አሉ ሌሎቹ። ቋንቋቸውን አላውቅም እንዳልል ያችን ቃል በቀን አስር ጊዜ እጠራታለሁ። ግን የሰው ልጅ ሲኮራ የሚሰማው የሚፈልገውን ነው። በአማርኛ ሰማኋት። አይ ጎበዝ! አይ አነዳድ! የሚሉኝ መሰለኝ፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ባሰብኝ።

እንጨት የጫኑ አህዮች ከታች ብቅ አሉ። ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ ላሠራው ነገ ዛሬ እያልኩ ያቆየሁት ፍሬን ነው፣ ከቁም ነገር አልቆጠረኝም። ከአህዮቹ ሸሽቼ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ከግድግዳው ተጠግተው፣ ዘንቢል ይዘው የቆሙት አይ ሐሊማ ነበሩ።

ስነሳ እሳቸው መሬት ላይ ናቸው፣ ግራ ክንዳቸው ተጣሟል። እኔ ከአናቴ እስከ ደረቴ በአንድ ነገር ርሻለሁ። ደም መስሎኝ ነበር። አሸተትኩት፣ የኑግ ዘይት ነው።

«ያ አላህ!» አሉ፣ ከዚያ ጠርሙሱን አዩት። «ዘይትህ ፈሰሰ እኮ ታዬ። ዛሬ ዓርብ ነው፣ ምን ልትበላ ነው?»

እንዲያ ከሚሉኝ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። በገበያው መሃል እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ባሻ ይመር እያለከለኩ ወርደው ኮሌታዬን ያዙ። ሊመቱኝ መስሎኝ ነበር፣ አልመቱኝም። ያችኑ ጥያቄ ጠየቁኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እግረኛ ነህ ወይስ ጋላቢ?»

«ጋላቢ ነኝ» አልኩ። «ጋላቢ ነኝ ባሻ። አጥፍቻለሁ።»

አንዱ ልብስ ሰፊ በርጩማውን አምጥቶ አይ ሐሊማን አስቀመጠ፣ ክንዳቸውን በጨርቅ አሰረላቸው፣ ወጌሻ ተላከ። ባሻ ሊያሳስሩኝ ነው። ከታሰርኩ ሥራዬ አበቃ፤ ሥራዬ ካበቃ ወዴት እሄዳለሁ? የእሱን ያህል ግን ያስፈራኝ ሌላ ነው። የዚያን ቤት ደጃፍ ዳግመኛ እረግጥ ይሆን ወይ?

ባሻ ወደ እሳቸው ዞሩ። «እመቤቴ፣ የተጎዱት እርስዎ ነዎት። ይታሰር?»

«አይ» አሉ አይ ሐሊማ።

ባሻም ዕድሜ ልካቸውን እዚህ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ቋንቋውን ያውቃሉ። ግራ ገባቸው። «አይ ያሉት በአማርኛ ነው ወይስ በእናንተ? አይታሰር ማለትዎ ነው ወይስ እናቱ ነኝ ማለትዎ ነው?»

«ሁለቱንም» አሉ።

ባሻ ኮሌታዬን ለቀቁ።

«ግን ወላሂ» አሉ አይ ሐሊማ ጤነኛ እጃቸውን ወደ እኔ ቀስረው፣ «ጨርቁን ባየህ ቁጥር ትወርዳለህ። ወርደህም ለእኚህ ሰው እጅ ትነሳለህ። መልእክቱ የራሱ ጉዳይ ነው።»

ሹማችን ሲሰሙ ተቆጡ፣ ብስክሌቱን ሊነጥቁኝም ነበር፤ ባሻ ይመር ራሳቸው ስልክ ቤት ድረስ መጥተው አማለዱኝ። እኚያ የሳቅኩባቸው ሽማግሌ! የአይ ሐሊማ ክንድ እስኪጠገን ድረስ ውሃውን እኔ ቀዳሁ፣ መደቡን እኔ ጠረግኩ፣ ድስቴንም ራሴ ጣድኩ። ጨው ሲበዛ አይ ሐሊማ ከመደባቸው ላይ ሆነው ይስቁብኛል። አሁን ፈረስ መጋላ ብትመጡ ጨርቁ ሲነሳ ወርጄ፣ ብስክሌቴን በእጄ ይዤ፣ አንገቴን ሰብሬ ታገኙኛላችሁ። «እንደምን ዋሉ ባሻ?» «እግዜር ይመስገን፣ እግረኛው።» ጭነት በሌለበት ቀን እንኳ ጨርቁን እኔን ለማውረድ ብለው የሚያነሱበት ጊዜ አለ። ይሁን፣ ይገባኛል።

ባለፈው እሑድ ሹማችን ራሩልኝ። መስመሩ ሥራ አልነበረውም፤ በአዲስ አበባ በኩል አንኮበር ስልክ ቤት ድረስ ተገናኘ። እናቴ ለንግሥ አንኮበር እንደምትወጣ አውቄ ወደ ስልክ ቤቱ እንዲጠሩልኝ ቀድሜ አስጠይቄ ነበር።

«እማዬ!»

«ማነው? የት ሆነህ ነው?»

«ሐረር! እኔ ነኝ፣ ታዬ!»

«ሐረር ሆነህ ነው እንዲህ የምትጮኸው? ሰው ይሰማሃል፣ ቀስ በል።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ትበላለህ? ማን ያበላሃል?»

«አይ ሐሊማ!»

«ለምን አይ ትለኛለህ? አትበላም?»

«አይደለም እማዬ! አይ ማለት እዚህ እናት ማለት ነው!»

ያስቀየምኳት መስሎኝ ጨነቀኝ። «ጎሽ» አለች። «እናት አገኘህ። እግዜር ይስጣቸው በልልኝ።» ቀጥላም፣ «በቅሎውንስ? ሰጠህ?»

ብስክሌትን በስልክ እንዴት ብዬ ላስረዳ! «ሰጠኝ» አልኩ።

«ትልቅ ሰው ስታይ ትወርዳለህ?»

«እወርዳለሁ እማዬ። አሁን እወርዳለሁ።»

«እኔ ደጅስ መቼ ነው የምትወርደው?»

መስመሩ ሽው ማለት ጀመረ። ሹሙ ይበቃል ብለው በእጃቸው አሳዩኝ፣ እኔም እንደታዘዝኩት አቆምኩ። የጠየቀችኝን ግን አልመለስኩላትም።